ባሕር ዳር ሳይደርስ ዩቲዩብ ላይ የሚውል ፊልም

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት በር ላይ መቆም ብቻ ይበቃል። አርሰናልና ማንቸስተር ዩናይትድ የሚጫወቱ ከሆነ ቤቱ ጨዋታው ሳይጀመር ይሞላል። ወጣቱ ብሩን ከፍሎ ይገባል፤ ወንበር ያጣው ግድግዳ ተደግፎ 90 ደቂቃ ሙሉ ቆሞ ያያል። ጎሎቹን ማታ በስልኩ በነጻ ማየት እንደሚችል አሳምሮ ያውቃል። ቢሆንም ይከፍላል። ጨዋታው ያለው አሁን ነው፣ እዚህ ቤት ነው፣ አብሮት ከሚጮኸው ሰው ጋር ነው።

ያው ወጣት ለአማርኛ ፊልም ኪሱን አይፈታም። ለምን እንደሆነ የፊልም ነጋዴዎችን ብትጠይቋቸው መልሱ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፦ «ክልል ላይ ገበያ የለም። የክልል ሰው ሲኒማ የመግባት ልምድ የለውም።»

ይህ አባባል ስድብ ነው። ስድብ ብቻ ቢሆን ይታለፍ ነበር፤ ሐሰትም ነው። የባሕር ዳር ሰው ለመግቢያ አይከፍልም የሚል ሰው «የጣና ሞገዶቹ» በሜዳቸው ሲጫወቱ በነበረ ጊዜ ስታዲየሙ ምን ይመስል እንደነበር አያውቅም። የባሕር ዳር ሰው ከፍሎ የማይገባው ለአንድ ነገር ነው፦ ትንሽ ከታገሠ ቤቱ ጋደም ብሎ በነጻ እንደሚያየው ለሚያውቀው ነገር። ይህንን እንዲያውቅ ያደረገው ደግሞ ፊልሙን የሚሸጠው ሰው ራሱ ነው።

ቀኑ የሚቆጠረው ከየት ነው?

አንድ የአማርኛ ፊልም ሲወጣ መንገዱ ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎ ይመረቃል። ተዋንያኑ ፎቶ ይነሳሉ፤ ቴሌቪዥኖች ይቀርጻሉ። ከዚያ በመዲናዋ ሲኒማ ቤቶች ለሳምንታት ይዞራል። ወደ ክልል ከተሞች የሚወርደው አዲስ አበባ ከጠገበች በኋላ ነው፤ ያውም የሚወርድ ከሆነ። በዚህ መሃል ከዩቲዩብ ቻናል ባለቤቶች ጋር ድርድሩ ተጀምሯል። ብዙም ሳይቆይ ፊልሙ «ሙሉ ፊልም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ይጫናል።

እንግዲህ ልብ በሉ። አዘጋጁ «ለሲኒማ ቤቶች በቂ ጊዜ ሰጥቻለሁ» ሲል ቀኑን የሚቆጥረው ከአዲስ አበባው ምርቃት ጀምሮ ነው። ለአዲስ አበባ ሲኒማ ቤት የተሰጠው ጊዜ ሁለት ወር ሊሆን ይችላል። ለባሕር ዳር አዳራሽ የቀረው ግን አንድ ሳምንት፣ ወይም ምንም ነው። አንዳንዴም ከምንም በታች ነው፦ ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ ከዋለ በኋላ ፖስተሩ ባሕር ዳር ይለጠፋል።

በዚህ ጊዜ አዳራሹ ባዶ ይሆናል። ባዶ መሆኑ ደግሞ «አላልናችሁም? ክልል ላይ ገበያ የለም» ለሚለው ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። የሚቀጥለው ፊልም ይበልጥ ዘግይቶ ይመጣል፤ ወይም ጭራሽ አይመጣም። ሰውን አስርቦ «ይህ ሰው ከሳ» ማለት ይህ ነው።

ብሩ ወዴት ይሄዳል?

ለግምት ያህል እንበል፤ መግቢያው 100 ብር ነው፣ አዳራሹ 300 ሰው ገብቶበታል። 30,000 ብር በአንድ ትዕይንት ተሰበሰበ። ይህ ብር ለአዘጋጁና ለአዳራሹ ይከፈላል፤ ከዚያ ላይ ግብር አለ፤ ፕሮጀክተር የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ፣ ቲኬት ቆራጩ፣ ጥበቃው ደመወዝ ያገኛሉ። በር ላይ ቆሎና ፈንዲሻ የምትሸጠው እናት፣ ፊልሙ ሲያልቅ ተሰልፈው የሚጠብቁት ባጃጆች፣ ከፊልሙ በኋላ ሻይ የሚጠጣበት ካፌ ሁሉም ከዚያ ምሽት ይቀምሳሉ።

ያው 300 ሰው ፊልሙን በዩቲዩብ ሲያየውስ? ዩቲዩብ ላይ ለአንድ እይታ የሚገኘው የማስታወቂያ ገንዘብ እንደ ተመልካቹ አገር ይለያያል። ዋሽንግተን ተቀምጦ የሚያይ ሰው የሚያስገኘውና ባሕር ዳር ቀበሌ 14 ተቀምጦ የሚያይ ሰው የሚያስገኘው አይገናኝም። አስተዋዋቂው ለአሜሪካው ተመልካች ብዙ ይከፍላል፤ ለኢትዮጵያው ተመልካች የሚከፍለው ጥቂት ነው። ስለዚህ ያ 300 ሰው ለአዘጋጁ የሚያስገባለት ከአንድ የሲኒማ ምሽት ጋር ቢነጻጸር ኢምንት ነው።

ተመልካቹ ግን በነጻ አላየም። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም ደህና ጥራት ባለው ምስል ለማየት ከአንድ ጊጋ ባይት በላይ ሊበላ ይችላል። ሰውየው የጥቅል ብር ከፍሏል። ብሩ የሄደው ለቴሌኮም ኩባንያው ነው። ፊልሙን የጻፈው፣ የተወነው፣ ካሜራ የተሸከመው ሰው ከዚያ ሰባራ ሳንቲም አያገኝም። «ሕዝባችን አቅም የለውምና በነጻ ይየው» የሚለው ደግነት ሲመረመር ይህ ነው፦ የሕዝቡ ብር ከጥበብ ሰው ኪስ ወጥቶ ወደ ሌላ ኪስ ይገባል።

ታዲያ አዘጋጁ ለምን ይጭነዋል? ምክንያቱ የታወቀ ነው። የሚፈልገው የውጭውን ተመልካች ነው፤ አሜሪካ፣ አውሮፓና ዓረብ አገር ያለውን ወገን። ይህ ነውር የለውም። በስደት ያለው ወገን የአገሩን ፊልም ማየት መብቱ ነው፤ አዘጋጁም ከዚያ ገንዘብ ማግኘቱ ተገቢ ነው። ነውሩ የዋሽንግተኑን ተመልካች ለማግኘት ሲባል የባሕር ዳሩን፣ የጎንደሩን፣ የሐዋሳውንና የድሬዳዋውን አዳራሽ አብሮ መዝጋት ነው።

ሁልጊዜ አንድ ጥፋተኛ አለ

የአማርኛ ፊልም ሰዎች ገበያው በቀዘቀዘ ቁጥር ከውጭ ጥፋተኛ መፈለግ ይወዳሉ። በ1990ዎቹ በዲጂታል ካሜራ የተሠሩ ፊልሞች ሲኒማ ቤት መግባት ሲጀምሩ ሕዝቡ በሰልፍ ነበር የተቀበላቸው። ፊልሙ ከሲኒማ ቤቱ በስተቀር የትም አይገኝም ነበርና። ቀጥሎ ቪሲዲ መጣ፤ ጥፋተኛው አስፋልት ዳር የተቀዳ ሲዲ የሚያዞረው ልጅ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ እያናገረ ሲመጣ ጥፋተኛው ቃና ሆነ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባና አዳራሾች ተዘጉ፤ ብዙ ፊልም ወደ ስልክ ገባ። ያን ጊዜ ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ማንም ሊወቅስ አይችልም።

አዳራሾቹ ሲከፈቱ ግን ፊልሙ ከስልክ አልወጣም። የወረርሽኝ ጊዜ መላ የነበረው የዘወትር ልማድ ሆነ። ቪሲዲ የሚያዞረው ልጅ ሌባ ተብሎ ይሳደድ ነበር፤ ዛሬ ፊልሙን ለሁሉም በነጻ የሚበትነው ባለቤቱ ነው። ታዲያ ጥፋተኛው ማነው?

«ሌቦች ቀድመው ይለቁታልና እኛው እንልቀቀው» የሚል መከራከሪያም አለ። ይህ ቤቴ ይሰረቃል ብሎ በሩን ክፍት ጥሎ እንደመሄድ ነው። ሲኒማ ውስጥ በስልክ ተደብቆ የተቀረጸ ፊልም ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ይጎረብጣል፣ የፊት ተመልካች ጭንቅላት ይገባበታል። ብዙ ሰው ይንቀዋል። ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ግን ጥርት ያለው ቅጂ ይገኛል። ከሰዓታት በኋላ በቴሌግራም ቻናሎች ይሰራጫል፤ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭኑ ሱቆች በጥቂት ብር ይገለብጡታል። ከዚያ ወዲያ የዩቲዩብ እይታ እንኳ አይቆጠርም። ለሌባው ምርጡን ዕቃ ያቀረበለት ባለቤቱ ነው።

ስለ ጸጥታው

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። «በዚህ ክልል ጦርነት እያለ ስለ ሲኒማ ታወራላችሁ?» የሚል። እውነት ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ባሕር ዳርን ጨምሮ በክልሉ ከተሞች ሰዓት እላፊ ተጣለ። የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ወራት ተዘጋ። ማታ ከቤት መውጣት የሚያስፈራበት ከተማ ውስጥ የማታ ትዕይንት ቢከሽፍ ዩቲዩብን ብቻ መውቀስ ከንቱ ነው። አዳራሹን ያራቆተው ፍርሃትም ነው፣ ኑሮ ውድነትም ነው።

ግን ይህ እውነት ወዴት ይመራል? ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛ፣ ኢንተርኔት ስለተዘጋ ብቻ ሲኒማ አይሞላም። መፍትሔው ኢንተርኔትን መጥላት አይደለም ማለት ነው፤ ኢንተርኔት የሰው መብት ነው፣ ባሕር ዳር ደግሞ የመዘጋቱን ምሬት ከማንም በላይ ታውቃለች። ሁለተኛ፣ የታመመ ሰው ይታገዛል እንጂ አይገፋም። አዳራሹ በጸጥታ ምክንያት ከግማሽ በላይ ገቢውን ካጣ፣ የቀረችውን የቅዳሜና እሑድ ቀን ገበያ የሚያድነው አዲስ ፊልም ማግኘቱ ነው። ልክ በዚያ ሰዓት ፊልሙን በነጻ መልቀቅ የመጨረሻውን እስትንፋስ መንጠቅ ነው።

«እናት ከልጆቿ ጋር ቤቷ ሆና ትይ፣ ምን ክፋት አለው?» የሚሉም አሉ። ምንም ክፋት የለውም፤ ትይ። ጥያቄው መቼ የሚለው ነው። አራት ወር ቆይታ ብታየው ፊልሙ አያረጅባትም። አዳራሹ ከተዘጋ ግን አራት ወር ጠብቆ አይከፈትም። የስብሰባ ባነር ይሰቀልበታል፣ ሠርግ ይደገስበታል፤ ፕሮጀክተሩ ይሸጣል። ነገ ባሕር ዳር ተወልዶ፣ ባሕር ዳር ተምሮ፣ ባሕር ዳር ላይ ፊልም የሚሠራ ወጣት ሥራውን ለከተማው ሰው የሚያሳይበት ግድግዳ ያጣል።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

ይህ ጭቅጭቅ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ዋርነር ብራዘርስ የ2021 ፊልሞቹን በሙሉ በሲኒማና በራሱ የኢንተርኔት መድረክ በአንድ ቀን እንደሚለቅ አስታወቀ። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን በይፋ ተቃወመ፤ ቀጣዩን ፊልሙን «ኦፐንሃይመር»ን ይዞ ወደ ሌላ ኩባንያ ሄደ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2023 በሲኒማ ቤቶች ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ዋርነር ራሱ በ2022 ወደ 45 ቀን ተመለሰ። ዲዝኒ «ብላክ ዊዶው»ን በሲኒማና በመድረኩ በአንድ ቀን ሲለቅ ዋና ተዋናይዋ ስካርሌት ጆሃንሰን ክስ መሠረተች፤ ክፍያዋ ከቲኬት ሽያጭ ጋር የተያያዘ ነበርና። ጉዳዩ በስምምነት አለቀ።

ፈረንሳይ በበኩሏ ጠንከር ያለ ሥርዓት አላት። ኔትፍሊክስ በሲኒማ የታየን ፊልም ለማቅረብ 36 ወር ይጠብቅ ነበር፤ በ2022 ወደ 15 ወር ዝቅ ተደረገለት። ሕንድ ውስጥ ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች ስምንት ሳምንት ያልጠበቀ የሂንዲ ፊልምን አናሳይም ብለው ቆመዋል። እነዚህ አገሮች ከእኛ በጣም የበለጡ አዳራሾች አሏቸው፤ ቢሆንም በቀናት ይከራከራሉ። እኛ በጣት የሚቆጠሩ አዳራሾች ይዘን ስለ ቀኑ አንነጋገርም።

«እነሱ ሀብታም ናቸው» የሚል ካለ ናይጄሪያን ይይ። ኖሊዉድ ያደገው በቪዲዮ ካሴት ነው፤ ሲኒማ ቤት አልነበረውም ማለት ይቻላል። ዛሬ ወደ ሲኒማ እየተመለሰ ነው። የፉንኬ አኪንዴሌ «ኤ ትራይብ ኮልድ ጁዳ» በታኅሣሥ 2023 ለሲኒማ ወጥቶ ከአንድ ቢሊዮን ናይራ በላይ በማስገባት የመጀመሪያው የናይጄሪያ ፊልም ሆነ። መጀመሪያ የወጣው በስልክ አይደለም። ሕዝቡ በገና ሰሞን ተሰልፎ ነው ያየው።

ከሁሉም የሚቀርበው ምሳሌ ግን የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሠርቶ ሲጨርስ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልቀበልም አሉት። እሱም «ገበያ የለም» ተባለ። ፊልሙን ይዞ አዳራሽ እየተከራየ ከከተማ ከተማ ዞረ፤ በየከተማው ያለውን ጥቁር ማኅበረሰብ አስተባብሮ አዳራሹን ሞላ። ፊልሙ ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው በ2021 ነው፤ ከ28 ዓመት በኋላ። ማንም 28 ዓመት ይጠበቅ አይልም። ትምህርቱ ሌላ ነው፦ ገበያ የለም የተባለበት ቦታ ሄዶ ገበያውን የሠራው ሰው ፊልሙን ከፍሎ የሚያይ ሕዝብ አገኘ። የዛሬዎቹ አዘጋጆች ግን ባሕር ዳር ድረስ እንኳ መምጣት ከብዷቸዋል።

ምን ይደረግ?

ይህ ለመንግሥት አቤቱታ የሚጻፍበት ጉዳይ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው ለሕዝብ እንዲቀርብ የመፍቀድ መብቱን ለባለመብቱ ሰጥቷል። መብቱ በአዘጋጁ እጅ ነው። የጎደለው ስምምነት ነው።

አንደኛ፣ ቀኑ ከአዲስ አበባ ምርቃት መቆጠሩ ይቅር። ፊልሙ በክልል ከተሞች መታየት ከጀመረበት የመጨረሻ ቀን አንሥቶ ቢያንስ አራት ወር ይቆጠር። አዳራሾችም ይህንን በውል ላይ ያስፍሩ፤ ያልፈረመ ፊልም አይታይ። አንድ አዳራሽ ብቻውን ቢል አይሰማም፤ የባሕር ዳር፣ የጎንደር፣ የደሴ፣ የሐዋሳ፣ የአዳማ አዳራሾች አብረው ቢሉ ግን ይሰማል።

ሁለተኛ፣ ፊልሙ በክልል ከተሞች ከአዲስ አበባ ጋር በአንድ ሳምንት ይከፈት። ዛሬ ፊልም ፋይል ነው። መንገድ ተዘጋ የሚል ምክንያት አይሠራም፤ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአንድ ሰዓት ገደማ ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ ለውጭው ተመልካች ቀድሞ ይቅረብለት፤ ግን ከፍሎ በሚያይበት መድረክ። ዩቲዩብ ላይ ካልሆነ አይሆንም ከተባለም፣ ዩቲዩብ ለትልልቅ የይዘት ባለቤቶች አንድ ቪዲዮ በየትኛው አገር እንዲታይና እንዳይታይ የመምረጫ መንገድ አለው። ኢትዮጵያ ለአራት ወር ትዘጋ። የእኛ አገር ልጅ ቪፒኤን አጠቃቀም አይጠፋውም፤ ጥቂቱ ያልፈዋል። ጥቂት ሰው አጥር ስለዘለለ ግን አጥር አይፈርስም።

አራተኛው ለአዳራሾቹ ነው፤ እነሱም ንጹሕ አይደሉምና። አዘጋጆች ስንት ቲኬት እንደተሸጠ በማይታወቅበት አዳራሽ ላይ እምነት ቢያጡ አይፈረድባቸውም። ቲኬት በቁጥር ይቆረጥ፤ ሒሳቡ በየቀኑ ለአዘጋጁ ይላክ። ሰው ማታ መውጣት ከፈራ ትዕይንቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ይሁን፤ ፊልሙ አልቆ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ይግባ። ወንበሩ ይጠገን፣ ድምፁ ይስተካከል። ከስልኩ የማይሻል ነገር ይዞ ሰውን «ስልክህን ተው» ማለት አይቻልም።

የጣና አጥማጅ የሚያውቀው

ጣና ላይ ነጭ ዓሣ የሚባለው በክረምት እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ይወጣል። ያን ጊዜ ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ ያፍሳል። ዓሣው ተሰብስቦ በአንድ ቦታ ስለሚያልፍ ድካም የለውም። በሚቀጥለው ዓመት ግን መረቡ ይቀላል፤ ከዚያ በኋላም ይበልጥ ይቀላል። ያልተፈለፈለ ዓሣ አይጠመድም። ስለዚህ ነው ባለሙያዎቹ በመራቢያው ወራት ከወንዙ አፍ እጃችሁን አንሡ እያሉ የሚወተውቱት።

ፊልም በሲኒማ ቤት የሚቆይባቸው ወራት የመራቢያ ወራት ናቸው። ተመልካች የሚፈለፈለው ያን ጊዜ ነው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍቅረኛው ጋር አዳራሽ የገባው ወጣት፣ ከአባቷ ጋር ገብታ ስክሪኑን አፍጥጣ ያየችው ሕፃን፣ «ሳምንትስ ምን አለ?» ብሎ የወጣው መምህር። እነዚህ ለሚቀጥለው ፊልም፣ ለሚቀጥሉት አሥር ፊልሞችም ከፋይ ናቸው። በወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ሁሉንም በአንድ ሌሊት የዩቲዩብ እይታ ያደረገ አዘጋጅ ለዛሬ ጥቂት ዶላር አፍሷል።

በሚቀጥለው ዓመት መረቡ ሲቀልበት ግን «ባሕር ዳር ገበያ የላትም» እንዳይል። ገበያው ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ዲኤስቲቪ ቤት በር ላይ ተሰልፎ ነበር። ያልመጣው ፊልሙ ነው።